ገጽ 14 ላይ ያለው ከተማ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። በተለይ ተማሪዎቼ የነበራችሁና አሁን ቢሮ የገባችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ነው የምታጠናው። ለክረምቱ የምርምር ኢንተርንሺፕ ተብላ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ቢሮ ተመድባለች። ርዕሷ «የኢንዱስትሪ ልማት ለአካባቢው ኢኮኖሚ ያለው አስተዋጽኦ» ነው። እስካሁን ምን ሠራሽ ብላት፣ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ፎቶ ኮፒ ማንሳት፣ ስብሰባ ሲኖር ውሃ ማደል። «ሪፖርቱን ከቴሌግራም አግኝቼዋለሁ ቲቸር፣ አንዴ ብቻ እይልኝ» አለች።

ከፍቼ አየሁት። መግቢያው ያምራል። ገጽ 14 ላይ ስደርስ ግን ስለ ኮምቦልቻ ያወራል። የከተማውን ስም መቀየር ረስታለች።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን አፈርኩ። ምክንያቱም እኔም ኮሌጅ እያለሁ የተግባር ልምምድ ሪፖርት ከጓደኛዬ ገልብጬ አስገብቻለሁ። ኤ ነው ያገኘሁት። ዛሬ ከዚያ ሪፖርት አንዲት ቃል አላስታውስም።

እስኪ አስቡት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ አለ። ቢራ ፋብሪካ መጣ፣ ብቅል ፋብሪካ ተጨመረ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠራ። ዙሪያውን ገብስ አምራች ገበሬ ነው። ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ከዚህ በላይ ምን ቤተ ሙከራ ይምጣ? እኛ ግን ልጆቹን ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ አስቀምጠን ከቴሌግራም እንዲገለብጡ እናደርጋለን።

አልበርት ሂርሽማን የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው ሐሳብ አለ። አንድ ፋብሪካ ለአካባቢው የሚሰጠው ጥቅም የሚለካው በቀጠረው ሰው ቁጥር ብቻ አይደለም። ከኋላው ከማን ይገዛል? ከፊቱ ምርቱን ማን ይጠቀምበታል? ይህን ትስስር ይለዋል። ወደ እኛ ስናመጣው፣ ቢራው ከኋላው ብቅል፣ ከብቅሉ ኋላ ገብስ አለ። ከፊቱ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው አተላው አለ፤ የወተት ላም የሚበላው።

ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ «ሪፖርቱን ተይው። የቀረሽን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ። አተላውን ማን ይገዛዋል፣ በስንት፣ የት ድረስ ይሄዳል?»

ደብተር ይዛ ወጣች። የመጀመሪያው ሰውዬ «ከግብር ነው የመጣሽው?» ብሎ መለሳት። በማግሥቱ ላሞች ያሏቸው አንዲት እናት ቁጭ አድርገው፣ ቡና አፍልተው ሁሉን ነገሯት። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። በጾም ወተት ፈላጊ ይቀንሳል፣ የመኖው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። «ላሟ እንደሆነ አትጾም» አሏት።

ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከገለበጠችው ሪፖርት ሁሉ ትበልጥብኛለች። ፋብሪካው፣ ገበያውና የጾም ካላንደሩ አንድ ላይ የተገናኙባት ናት። ቢሮው ውስጥ ባለ ፋይል ይህን አታገኙትም።

አውቃለሁ፣ የአንዲት እናት ቃል ጥናት አይባልም። ቢሮም ሥራ ይበዛበታል። ተቆጣጣሪ መምህሩም ስንቱን ተማሪ በአንድ ጊዜ ይከታተል? ልጆቹም የባጃጅ ሒሳብ እንኳ የላቸውም። እኔ ራሴ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ዩኒቨርሲቲን ለመምከር መነሳቴ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ግን እኮ በየክረምቱ የተለያዩ ልጆች ያንኑ ጥያቄ ይዘው ያንኑ ሰፈር ቢጠይቁ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከተማዋ ስለ ራሷ የምታውቀው ነገር ይኖራታል። አሁን ያለን በማኅተም ያሸበረቀ፣ ከተማው የተሳሳተ ወረቀት ነው። መሬት ለማን ይሰጥ፣ መንገድ የት ይውጣ ብሎ የሚወስን ሰው በዚህ ወረቀት ላይ ከቆመ፣ ዋጋውን የሚከፍሉት እነዚያ እናት ናቸው።

የምለው ቀላል ነው። ቢሮ ያላችሁ፣ ተለማማጅ ሲመጣ ከወንበር በፊት አንድ ጥያቄ ስጡት። መምህራን፣ ከተጠረዘው ሪፖርት በፊት የመስክ ደብተሩን ጠይቁ። የተጠናውም አንድ ቅጂ ለከተማው ይቅር፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መነሻ ይሁነው። ተማሪዎች ደግሞ፣ እባካችሁ እንደ እኔ አትሁኑ።

ልጅቷ ሪፖርቷን ጨርሳለች። ስምንት ገጽ ብቻ ናት። «ቲቸር፣ አነሰ ብለው ማርክ ቢቀንሱብኝስ?» ብላ ፈርታለች። እኔም ትንሽ ፈርቻለሁ፤ ምክሩ የእኔ ነውና። ግን ገጽ በገጽ ስለ ደብረ ብርሃን ነው የምታወራው።

እናንተ በምትኖሩበት ከተማ አንድ ተለማማጅ ቢሰጣችሁ ምን ጠይቅ ትሉታላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ ለቀጣዩ ክረምት ልጆች እሰጣቸዋለሁ።

መልካም ጊዜ!