የተተካ የልብ ቫልቭ ሲያረጅ

በአገራችን የልብ ቫልቭን በብዛት የሚጎዳው እርጅና ሳይሆን ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻውም በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ነው። ስለዚህ ቫልቭ ከሚተካላቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ከፊታቸው ረጅም ዕድሜ ስላለ የተተካው ቫልቭ ራሱ ሊያረጅባቸው ይችላል። ያኔስ ምን ይደረጋል?

ተተኪ ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። ሜካኒካል የሚባለው ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ሆኖም ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መውሰድንና በየጊዜው የደም ምርመራ ማድረግን ይጠይቃል። ዋርፋሪን ደግሞ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። ከከብት ወይም ከአሳማ አካል የሚሠራው ቲሹ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሸክም ያቀላል፤ ነገር ግን የሚያገለግለው ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ ሲሆን በወጣቶች ላይ ፈጥኖ ያረጃል። ለመውለድ ለምታስብና ለክትትል እስከ ደሴ መጓዝ ላለባት የአጅባር ወይም የመካነ ሰላም ወጣት ምርጫው ቀላል አይደለም።

ቀደም ሲል ያረጀውን ቫልቭ ለመቀየር ደረትን እንደገና መክፈት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳዊው ሐኪም አለን ክሪቢየር ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ቫልቭ መተካት እንደሚቻል አሳዩ። በዚሁ ዘዴ የታጠፈ አዲስ ቫልቭ በብሽሽት በኩል ገብቶ በአሮጌው ቲሹ ቫልቭ ውስጥ ይዘረጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2015 ዳግም ቀዶ ሕክምና ለሚያሰጋቸው ሕሙማን ፈቅዶታል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ለሁሉም አይሆንም። በሜካኒካል ቫልቭ ውስጥ ሌላ ቫልቭ መዘርጋት አይቻልም። የመጀመሪያው ቫልቭ ጠባብ ከሆነም አዲሱ ይበልጥ ያጠበዋል። ዋጋውም ከባድ ነው፤ በአሜሪካ ቫልቩ ብቻውን 30 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ብዙዎችን ቢታደግም፣ በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ዛሬም ረጅም ነው። ስለዚህ የነገው ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ዛሬ በሚደረገው ምርጫና ክትትል ነው።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ከሆነ ስለ ቫልቩ ዓይነትና ስለ ወደፊቱ ከሐኪምዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። ተደርጎልዎ ከሆነ የቫልቩ ዓይነት፣ መጠንና የተተካበት ቀን የተጻፈበትን ካርድ ይያዙ፤ በቀጠሮዎ ቀን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሱ። የፔኒሲሊን መርፌዎን ወይም ዋርፋሪንዎን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ጥርስ ከመነቀልዎ በፊት ተተኪ ቫልቭ እንዳለዎት ይናገሩ። አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም የማይለቅ ትኩሳት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ልጅዎ ጉሮሮውን ሲያመውና ሲያተኩሰውም በቤት ውስጥ ብቻ አያስታምሙት፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በጊዜ የታከመ ቶንሲል ከቫልቭ ቀዶ ሕክምና ያድናል።