በሣቅ ላይ የተሰጠ ፍርድ

በቅርቡ ለተማሪዎች የሚታዩ ፊልሞችን ለመምረጥ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከቀረበው ዝርዝር ውስጥ የጦርነቱም፣ የታሪኩም፣ የመንፈሳዊውም ሥራ ያለ ክርክር ሲያልፍ፣ የቻርሊ ቻፕሊን «የከተማ መብራቶች» ላይ ሲደረስ ግን አንድ የተከበሩ ሰው እርሳሳቸውን አንሥተው፣ «ይህስ ቀልድ ነው፤ ለበዓል ቀን ይቈይ» ብለው ሰረዙት። ሌሎቹም ፈገግ ብለው ተስማሙ። በዚያን ጊዜ ዝም ማለቴ ስለሚቈጨኝ፣ ያን ቀን ልናገረው ይገባኝ የነበረውን ዛሬ እጽፈዋለሁ። የፊልሞቹንም ዓመተ ምሕረት የማነሣው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ሣቅን የሚንቁ ሰዎች መከራከሪያቸው አጭር ነው፤ ቁም ነገር ያለው ፊልም ያስተምራል፣ አስቂኙ ግን ጊዜ ያሳልፋል ይላሉ። ከነዚህ ይልቅ እኔን የሚያስቸግሩኝ የሣቅ ወዳጅ ነን ባዮች ናቸው። እነርሱም «ሰው ሲደክመው መሣቅ አለበት፤ ሣቅ ለጤና ነው» እያሉ ይሟገቱለታል። እንዲህ ያለው ጠበቃ ባለጉዳዩን ያስፈርድበታል።

ይህ ሙግት በሲኒማ ዓለም ውስጥ ትልቅ ምስክር አለው። ፕሬስተን ስተርጅስ በ1941 ባወጣው «የሱሊቫን ጉዞዎች» በተባለው ፊልም፣ አንድ የታወቀ የቀልድ ፊልም አዘጋጅ ሥራው አሳፍሮት የድኾችን ኑሮ የሚያሳይ ከባድ ፊልም ለመሥራት ይነሣል። ድኽነትንም ለማወቅ ቡትቶ ለብሶ ይንከራተታል። በኋላም ሳያስበው ተፈርዶበት ከጉልበት ሥራ እስረኞች ጋር ይታሠራል። አንድ ምሽት እስረኞቹ በሰንሰለት እንደ ታሠሩ ወደ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ተወስደው የዋልት ዲስኒን የውሻ ካርቱን ሲያዩ በሣቅ ይፈርሳሉ፤ እርሱም ሳይታወቀው ሲሥቅ ራሱን ያገኘዋል። ከተፈታም በኋላ ወደ ቀልዱ ይመለሳል። ያን ትርኢት ባየሁ ቍጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል። መደምደሚያው ግን አያሳምነኝም። ሣቅ ለተጨነቀ ሰው ማረፊያ ከመሆን ያለፈ ሥራ ከሌለው፣ እርሳሳቸውን ያነሡት ሰው ልክ ናቸው፤ ማረፊያ ለበዓል ቀን ነውና። (ስተርጅስ ራሱ በዚያው ፊልም በሆሊዉድ ባለጸጎች ላይ የሰነዘረው ሽሙጥ፣ ከዚህ መደምደሚያ የበለጠ ብርቱ መሆኑን ያየው ሁሉ ይመሰክራል።)

እኔ የምለው ሌላ ነው። ጥሩ አስቂኝ ፊልም ይፈርዳል፤ ፍርዱም ብዙ ጊዜ ከቁም ነገረኛው ፊልም ይልቅ ይጠነክራል።

እስቲ የተሰረዘውን ፊልም እንመልከት። የሚናገር ፊልም በ1927 ከመጣ በኋላ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ንግግር ሲሮጡ፣ ቻፕሊን «የከተማ መብራቶች»ን ያለ ንግግር ሠርቶ በ1931 አወጣው። ታሪኩ አንዲት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ አንድን ቤት የለሽ መናጢ ባለጸጋ ነው ብላ ስለ መሳሳቷ ነው። ነገር ግን እንዴት ልትሳሳት ትችላለች? ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ እስኪያገኝላት ድረስ ቻፕሊን ትርኢቱን ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ አስነሣው። መልሱም በመጨረሻ የመኪና በር ሆነ። ቤት የለሹ ፖሊስ ሲሸሽ፣ በቆመ የጌቶች መኪና ውስጥ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በሩ ሲዘጋ ልጅቱ ትሰማለች፤ ከመኪናው የወረደ ጌታ ይመስላታል። ንግግር በሌለው ፊልም ውስጥ የነገሩ ሁሉ መነሻ አንድ ድምፅ መሆኑን አስተውሉ።

በዚያው ፊልም ውስጥ እውነተኛ ባለጸጋም አለ። ሲሰክር ቤት የለሹን እንደ ወንድሙ ያቅፈዋል፣ ከቤቱ ያስገባዋል፣ መኪናውን ይሰጠዋል፤ ሲነጋና ስካሩ ሲበርድለት ግን አላውቀውም ብሎ ያስባርረዋል። ሰዉ በአዳራሹ ይሥቃል። የሚሥቀው በማን ነው? ቸርነቱ ከመጠጡ ጋር ስለሚተን ሰው ስንት ስብከት ቢሰበክ ይህን ያህል ይገልጸዋል? መጨረሻው ደግሞ የበለጠ ነው። ቤት የለሹ ባመጣላት ገንዘብ የልጅቱ ዓይን ይበራል፤ እርሱ ግን ስለዚያው ገንዘብ ታሥሮ፣ ሲፈታ ልብሱ ተቀዳዶ በደጇ ሲያልፍ ታየዋለች፤ ትሥቅበታለችም፤ እኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ሣቅንበት ማለት ነው። ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ስትይዝ ግን በመዳሰስ ታውቀዋለች። በዚያች ቅጽበት ሣቁ ወደ ሣቂው ይመለሳል።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሳልነካው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ቻፕሊን በ1940 ባወጣው «ታላቁ አምባገነን» በሂትለር ተሣለቀ። በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ግን፣ በጀርመን ማጐሪያዎች የተፈጸመውን ግፍ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ያን ፊልም ሊሠራ እንደማይችል ገልጿል። በርሊን የተወለደው አይሁዳዊው ኤርነስት ሉቢችም በ1942 ስለ ዋርሶ ተዋንያንና ስለ ናዚ ሹማምንት የሠራው «መሆን ወይስ አለመሆን» ሲወጣ፣ በሰው መከራ ይቀለዳል ወይ ተብሎ ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበታል። ስለዚህ ሣቅ ገደብ አለው ቢሉኝ እቀበላለሁ። ገደቡ ግን ገፊውን ከተገፊው መለየት ነው እንጂ የጉዳዩ መክበድ አይደለም። ሁለቱም ፊልሞች የሣቁት በገፊው ነው።

ጉዳዩ ሲከብድ ሣቅ ይሽሽ ለሚሉት ስታንሊ ኩብሪክ መልስ አለው። የአቶሚክ ጦርነትን አደጋ ከሚተርክ አንድ ቁም ነገረኛ ልብ ወለድ ተነሥቶ፣ እንደዚያው ያለ ከባድ ፊልም መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ ሲሄድ ግን እንዳያስቁ እየፈራ የሚጥላቸው ነገሮች የእውነቱ እምብርት መሆናቸውን ተረዳ፤ እነርሱኑ አንሥቶ በ1964 «ዶክተር ስትሬንጅላቭ»ን አወጣ። በዚያው ዓመት ሲድኒ ሉሜት ስለዚሁ አደጋ «ፌይል ሴፍ» የተባለ ፊልም ያለ ፈገግታ ሠርቷል፤ መልካም ፊልም ነው። ዛሬ ግን የአቶሚክ ነገር ሲነሣ ሰዎች የሚጠቅሱት የትኛውን ነው?

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ዘግይተው ነው የነቁት። በስተር ኪተን በ1928 የአንድ ቤት ግንባር በሙሉ ሲወድቅበት፣ በአንዲት የመስኮት ክፍተት ተርፎ ፊቱን ሳያጥፍ የቆመ ሰው ነው፤ የቆመበት ቦታ ጥቂት ቢዛነፍ ኖሮ ይሞት ነበር። የሆሊዉድ አካዳሚ የክብር ሽልማት የሰጠው በ1960 ነው። ቻፕሊንም ከ1929 በኋላ ሁለተኛውን የክብር ሽልማት ለመቀበል እስከ 1972 ጠበቀ፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 82 ነበር። የአካዳሚውን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ግን ሁለቱም አንድ ጊዜ እንኳ አላገኙም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የኛ መርሳት ነው። የዘመናዊ ቴአትራችን መጀመሪያ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ አውሬዎችን እያናገረ የሹማምንቱን አሠራር የሚነቅፍ ሥራ ነበረ። ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡበት ዘመን፣ ማለት በአገራችን አቈጣጠር ከ1909 እስከ 1922 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ታገደ። የዚያ ዘመን መኳንንት ሣቅ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አለመሆኑን ከኛ ስብሰባ አስቀድመው ዐውቀውታል ማለት ነው።

ዝርዝሩ በሚመጣው ወር ተመልሶ ይቀርባል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እርሳሳቸውን ያነሡት ሰውና እኔ ይህን አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ ፊልም፣ በስልክ ላይ እየተቈራረጠ ሳይሆን፣ መብራት ጠፍቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከተማሪዎቹ ጋር አብረን እንየው። ከዚያ በኋላ መሰረዝ የሚፈልግ ይሰርዝ።