ምስል ማጣጣም የልኬቱ አካል ነው

የደቡብ ጎንደር ደጋ በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁ የአማራ ክልል አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በሽታውን ለመለየት መርማሪው የሕፃኑን የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ውስጠኛውን ገጽ ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ባደረገው ቀላል የምደባ ሥርዓት መሠረት፣ በዚህ ገጽ ማዕከላዊ ክፍል ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ወይም ከዚያ በላይ ፎሊክሎች ከታዩ ሕፃኑ ንቁ ትራኮማ አለበት ይባላል። ይህን ምደባ በፎቶግራፍና በኮምፒውተር ለማገዝ የሚደረገው ጥረት ተገቢ ነው። ምስሎችን እርስ በርስ ማጣጣም ግን እንደ ቅድመ ዝግጅት ብቻ መታየት የለበትም፤ የልኬቱ አካል ነውና።

«ማዕከላዊ ክፍል» የት እንደሆነ፣ 0.5 ሚሊ ሜትርም ስንት ፒክስል እንደሚይዝ የሚወሰነው በማጣጣሙ ነው። ምስሉ በስህተት 10 በመቶ ቢሰፋ፣ 0.46 ሚሊ ሜትር የነበረው ፎሊክል 0.506 ሆኖ ይቆጠራል። ስህተቱ በአንድ ካሜራ ላይ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ ናሙና በማብዛት አይወገድም።

የተገለበጠ የዓይን ቆብ እንደ አጥንት ግትር ስላልሆነ ምስሉን ማዞርና ማንሸራተት ብቻ አይበቃም፤ ቅርጹንም መለወጥ ያስፈልጋል። ለውጡ ያለ ገደብ ከተፈቀደ ግን ጠባሳ ያጣመመው ቆብ ጤነኛውን እንዲመስል ተደርጎ ይስተካከላል፤ ምልክቱም ከመረጃው ይጠፋል። የዋቢ ምስል ምርጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው የታላይራክና የቱርኑ የአንጎል አትላስ በአንዲት የ60 ዓመት ሴት አንጎል ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ ለብዙ ጥናቶች የጋራ መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። የእኛ ዋቢ ምስል ከዚሁ ደጋ ሕፃናት፣ ከጤነኞችም ከታመሙትም፣ ሊገነባ ይገባል።

የስህተቱ ዋጋ በወረዳ ደረጃ ይታያል። ትራኮማ የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑ አብቅቷል ለማለት ከሚያስፈልጉት መስፈርቶች አንዱ፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል ፎሊክል የሚታይበት ትራኮማ ምጣኔ ከ5 በመቶ በታች መሆኑ ነው። እውነተኛው ምጣኔ 3 በመቶ የሆነበትን ወረዳ እናስብ። ዘዴው የታመሙትን ሁሉ ቢለይ፣ ነገር ግን ከ100 ጤነኞች አራቱን ታመዋል ቢል፣ ውጤቱ 6.9 በመቶ ገደማ ይሆናል። ወረዳው ያለፈውን መስፈርት ዳግመኛ እንደወደቀ ይቆጠራል።

አንድ ሺህ በአንድ ሺህ ፒክስል የሆነ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ሦስት ሚሊዮን ቁጥሮች ይዟል፤ ስለ አንድ ሕፃን ብቻ ግን ይናገራል። በአንድ ቤትና በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ሕፃናትም በኢንፌክሽን የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ የማሠልጠኛና የመፈተኛ መረጃ በምስል ሳይሆን በቀበሌ ይከፈል። ሁለት ባለሙያዎች በተናጠል ምልክት ባደረጉባቸው ምስሎች የማጣጣም ስህተቱ በሚሊ ሜትር ይለካ። ማጣጣሙም በዚያው ስህተት መጠን እየተለዋወጠ ደጋግሞ ይሠራና ልዩነቱ በመጨረሻው ምጣኔ የመተማመኛ ክልል ውስጥ ይካተት። ክልሉ ሊሰፋ ይችላል። ቢሆንም መድኃኒት ማደሉ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ ለሚወስን ሰው፣ እርግጠኛ ከሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ይህ ይሻለዋል።