ካሜራው ለማሲንቆም ይድረስ

ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ እጅግ ፈጣን ካሜራ ሲነሳ ተማሪዎቼ ጥይት ይታያቸዋል። እኔ ማሲንቆ ይሻለኛል ባይ ነኝ። ጎረቤታችን አምባሰል እኮ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች የአንዱ ስም ነው።

ደጋኑ የፈረስ ጭራውን ሲገዘግዘው ዓይናችን የሚያየው መሐሉ ያበጠ ብዥታ ብቻ ነው። ደጋኑ ግን ጭራውን ይዞ ይጎትታል፣ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ በየመሐሉ አንዲት ሹል እጥፋት ከጫፍ ጫፍ ትመላለሳለች። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቫዮሊን ላይ ደርሶበታል። የማሲንቆው ጭራ ግን የብዙ ፀጉር ጥቅል ነው፤ የተጫዋቹ ጣትም ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። እጥፋቷ እዚህም እንደዚያው ትሮጥ ይሆን?

በሰከንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብን ጭራ 30 ምስል የሚያነሳ ተራ ቪዲዮ አይዘውም። 10,000 የሚያነሳ ካሜራ ለእያንዳንዱ እርግብግቢት 50 ምስል ይሰጣል፤ ይበቃናል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች በሰከንድ ትሪሊዮን ምስል በሚያህል ፍጥነት የብርሃንን ጉዞ አሳይተዋል። ድንቅ ነው! ነገር ግን ያ ቪዲዮ ያንኑ ብልጭታ ደጋግሞ በማንሳት የተገጣጠመ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ አንዱን ምት ሁለቴ አንድ አድርጎ አይመታም።

ስለዚህ የባህል ሙዚቃ የሚቀርጹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከድምፅ መቅረጫው ጎን እንዲህ ያለ ካሜራ ይያዙ። ቀረጻው ደጅ፣ በቀትር ፀሐይ ይሁን። ፈጣን ካሜራ ብርሃን ይበላል፤ የቤት ውስጥ መብራት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም እያለ ምስሉን ያበላሻል።