የደቅ ጀልባ በስንት ሰዓት ነው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባር ሄዶ ፎቶ ለጥፎ ነበር። እንኳን ደስ አለህ ብዬዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ። ያናደደኝ ከፎቶው ሥር ያለው ኮሜንት ነው። «እኛ ምን አለን? ባሕር የለን፣ ደሴት የለን» ይላል። ላይክ ካደረጉት ውስጥ ደግሞ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉበት! እንዴ፣ ጂኦግራፊው የት ገባ?

ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ትልቁ ደቅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ጥጉ ላይ ናት። ደቅ ላይ ሰው ይኖራል እኮ፤ ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይወልዳል፣ ይታመማል።

እና እንዴት ነው የሚኬደው? ዛንዚባር የሚሄድ ሰው ከቦሌ በአየር መንገዳችን ይበራል። ካልሆነም ዳሬሰላም ወርዶ በፈጣን ጀልባ ይሻገራል፤ ጀልባው በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሰዓቱ ቲኬቱ ላይ ተጽፏል። ከባሕር ዳር ደቅ መሄድ የሚፈልግስ? ብር ካለው የሞተር ጀልባ ይኮናተራል። ከሌለው፣ ለዓመታት የኖረው ምርጫ ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሳምንት አንዴ የምትሄደዋን መርከብ መጠበቅ ነበር። እሷ ካመለጠችው ታንኳ።

ታንኳ ሲባል «ጥንታዊ ጥበባችን» ብሎ ፎቶ የሚያነሳ አይጠፋም። ጥበብማ ነው፣ ማን ካደ? ግን ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ ይመጣል፤ ከሐይቅ አውጥተው ፀሐይ ላይ ካላደረቁት ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋስ ሲነሳ ጣና ይናወጣል። ቀዛፊዎች ጠዋት መሻገር የሚመርጡት ለዚህ ነው። ምጥ ግን ጠዋት ብቻ አይመጣም።

በ2017 ክረምት «ጣና ነሽ 2» ከጅቡቲ በአስፋልት ስትመጣ ሀገር ሙሉ ተከታተላት። ቀልዱም አሪፍ ነበር፣ እኔም ስቄያለሁ። 188 ሰው ትጭናለች ተባለ። መምጣቷን ለማንኳሰስ አይደለም የምጽፈው። ነገር ግን እኔ ያየሁት ወሬ ሁሉ ቱሪስት፣ ቱሪስት፣ ቱሪስት ነው! ደቅ በየትኛው ቀን ትቆማለች? ለነዋሪው ዋጋው ስንት ነው? ገበያ የሚወጣው ገበሬ ጆንያውን ይዞ ይገባል ወይ? ይሄን የጠየቀ ሰው አላየሁም።

«ሰዉ ትንሽ ነው፣ አያዋጣም» የምትሉኝ አላችሁ። ወገን፣ እኛ ከአየር ጤናና ከቤቴል የምንሳፈረው የከተማ አውቶቡስ እኮ በድጎማ ነው የሚሄደው። ታዋጣላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ሰዓት ስንቆም ግን ምድር ቀውጢ እናደርጋለን። አንድ ሳምንት የሚጠብቀው ሰው ምን ይበል?

በነገራችን ላይ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኤምቪ ኔሬሬ የተባለች የታንዛኒያ ጀልባ ዩካራ ደሴት ልትደርስ ስትል ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰው አልቋል። አቅሟ 100 ሰው ነበር፣ ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን። ሌላ መሻገሪያ የሌለው ሰው «ሞልቷል» ሲሉት አይመለስም፤ ተጋፍቶ ይገባል። ስለዚህ ትልቅ ጀልባ አምጥቶ ምልልሱን ማሳነስ አደጋውን ማስፋት ነው።

የጸጥታውን ነገር አታንሳ እንዴ እንዳትሉኝ፣ አውቃለሁ። እምቦጩንም አውቃለሁ። ሰላም ሲሆን እናስብበታለን ከተባለ ግን ደቅ ያለችው ነፍሰ ጡር አትጠብቅም። እኔ የምጠይቀው ቋሚ ቀን፣ ቋሚ ሰዓት፣ የነዋሪ ታሪፍ፣ ለታማሚ ደግሞ ተጠባባቂ ሞተር ጀልባ ነው። ይሄ ሁሉ ባሕር ዳር መሳፈሪያው ላይ በትልቁ ይለጠፍ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተመደባችሁ ልጆቼ፣ እስኪ ወደ ሐይቁ ወረድ በሉና አሁን ያለውን የደቅ ጀልባ ቀንና ዋጋ ጠይቃችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ዛንዚባር ላለው ሙሽራ እልክለታለሁ።