ስፋቱን ሳይሆን መጋጠሚያውን ቁጠሩ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ሲመረቅ የሚነገረን ርዝመቱ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ነው። ስንት የሰፈር መንገድ እንደገጠመው፣ እግረኛ በስንት ቦታ እንደሚሻገረው አይነገርም። ከግማሽ በላይ ጉዞ በእግር ለሚደረግባት ከተማ ግን ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነበር። ሰፊ አስፋልት ሁለት ሩቅ ቦታዎችን አቀራርቦ ግራና ቀኙ ያሉትን ጎረቤቶች ሊለያይ ይችላል። ቀለበት መንገዱ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሰፈሮችን ለያይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በብዙ ቦታ የቆየ መሻገሪያን በአጥር ዘግቷል።

ትልቁ ጥፋት ያለው ግን ዳር ዳሩን በሚሠራው አዲስ ከተማ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም ሳይቱ ለብቻው ይነደፋል፤ ሪል እስቴቱ ለብቻው ያጥራል፣ አንድ በር ይከፍታል፣ ዘበኛ ያቆማል። አጥር ለአጥር በሚዋሰኑ ሁለት ግቢዎች መካከል መተላለፊያ የለም። ከአንዱ ቤት የሌላው ጣሪያ እየታየ፣ ለመድረስ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መዞር ግድ ይሆናል። ሚኒባሱም ውስጥ ለውስጥ ማለፍ ስለማይችል ተሳፋሪው፣ መኪናውና የጭነት ተሽከርካሪው ሁሉ ጠዋት አንድ መጋጠሚያ ላይ ይከማቻሉ። ያኔ መጨናነቁን ለመፍታት ማስፋፊያ ይጠየቃል፤ ምክንያቱ አጥሩ መሆኑ ግን አይነሳም።

አጥሩ ለደህንነት ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ስጋቱንም አልንቅም። ግን ደህንነቱ የሚገኘው በማን ኪሳራ ነው? በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል የቀረውን፣ ሱቅም መስኮትም የማይመለከተውን መንገድ ሲመሽ ከሥራ የምትመለሰው ሴት ናት የምትሄድበት።

እንዲህ በአጥር መለያየት የእድገት ግዴታ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ተመራማሪዎቹ ባሪንግተን ሊ እና ሚላርድ ቦል እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ1975 ወዲህ በዓለም ዙሪያ የሚሠሩ አዳዲስ መንገዶች እርስ በርስ መገናኘታቸው እየቀነሰ መምጣቱን አሳይተዋል። ሆኖም ቶኪዮ በጠባብ፣ ግን በተያያዙ መንገዶች አድጋለች። መውጫ የሌለውን የሰፈር መንገድ ያስፋፋችው አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ አቅጣጫዋን መለወጥ ጀምራለች። የቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ደንብ፣ አዲስ ሰፈር ከጎረቤቱ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ካላወጣ መንግሥት መንገዱን ተረክቦ አይጠግንለትም የሚል ነበር።

እኛም ከዚህ የማያንስ ሕግ ያስፈልገናል፤ ያውም አሁን፤ ምክንያቱም ቤት ፈርሶ ይሠራል፣ አንዴ የተሰመረ መንገድ ግን ትውልድ ተሻግሮ ይቆያል። መርካቶ ዛሬም የሚነግደው በወረራው ዘመን ጣሊያን ባሰመረው መረብ ላይ ነው። ስለዚህ በየ200 ሜትሩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መተላለፊያ ያላሳየ ንድፍ የግንባታ ፈቃድ አያግኝ። በተሠሩት ሳይቶችና ግቢዎችም ከአጥሩ ላይ የእግረኛ በር ይከፈት፤ ወጪው ከአንድ ማሳለጫ ድልድይ ጋር የሚወዳደር አይደለም።