ምን ይውጣ?

በአንዳንድ ጉባኤዎቻችን አይተን ዝም ያልነውን ዛሬ እንናገራለን። የ15 ዓመት ልጅ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ ለእናቱ በቁጣ ይመልሳል፣ እሑድ ጠዋት ከአልጋው አይነሣም። ወላጆቹ «የዓመፅ መንፈስ ይዞታል» ብለው ወደ መድረክ ያመጡታል። ሕዝብ እያየ እጅ ይጫንበታል፤ «ውጣ!» ይባላል። ምን ይውጣ?

በ1999 በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ዶክተር ጄይ ጊድና ባልደረቦቹ የልጆችን አንጎል በየጊዜው በኤምአርአይ እያነሡ ያወጡት ጥናት፣ አንጎል በጉርምስናም ገና እንደሚለወጥ አሳይቷል። ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው፣ ቆም ብለን እንድናስብና ስሜታችንን እንድንገታ የሚረዳን ክፍል፣ ብስለቱ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይዘልቃል። ቁጣንና ደስታን የሚቀሰቅሰው ግን ቀድሞ ይነቃል። ስለዚህ ልጁ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ያስባል። እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞንም በዚህ ዕድሜ ማታ ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። (ስልኩ ያባብሰዋል፤ እሱን መቀበል ግን የወላጅ ሥራ ነው፣ ለነጻ አውጪ አገልጋይ አይተውም።)

«በክፉ መንፈስ አታምኑም ማለት ነው?» የሚሉን አሉ። እናምናለን፤ ጌታ አጋንንትን እንዳወጣ ወንጌል ይነግረናል። መናፍስትን እንድንመረምር የታዘዝነው ግን ሁሉን ነገር ጋኔን እንዳንል ጭምር ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም አላልንም። ስድብ ስድብ ነው፤ ይቅርታ ይጠየቅበታል። ገደብም ያስፈልገዋል፣ እንዲያውም ከትልቅ ሰው ይልቅ።

ጳውሎስ በቆላስይስ 3፥21 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ ያዘዘው ተስፋ እንዳይቆርጡ ነው። በሕዝብ ፊት ጋኔን አለብህ የተባለ ልጅ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲገባ ቪዲዮው በቴሌግራም ቀድሞት ደርሷል። ከዚህ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጥ ምን አለ? ከዚያ በኋላ ጸሎት ቤት አልሄድም ቢል ደግሞ «አላልናችሁም?» እንላለን።

ማርያም የ12 ዓመት ልጇን ከሦስት ቀን በኋላ በመቅደስ ስታገኘው ጭንቀቷን አልሸሸገችም፤ ግን ለምን ብላ ጠየቀችው። መልሱ ባይገባትም በልቧ ጠበቀችው።

አገልጋዮቻችን ሆይ፣ ልጆችን መድረክ ላይ አታቁሙ፤ ካሜራውንም አጥፉት። ወላጆች፣ ማታ ከጎኑ ቁጭ በሉና ጠይቁት፤ ቢዘገይም ይመልሳል። ለሳምንታት ከሰው ከተለየ፣ መብላት ከተወ ወይም ስለ ሞት ካወራ ግን እየጸለያችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።